ሰው አለው

«ጋሼ! ጋሼ፣ እዚያ አይቀመጡ… ሰው አለው!»

ሰውዬው ሊቀመጥ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

ዞር ሲል ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጥ ትንሽ ልጅ ናት። ወንበሩ አጠገቧ ባዶ ሆኖ እሷ ቆማለች። የአውቶቡሱን ብረት በሁለት እጇ ይዛለች።

«የታለ ሰውዬው?» አላት።

«ገና ነው… ፌርማታዋ ላይ ነው የምትገባው።»

ይህ ሰው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ወጪ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ሠራተኞቹ ከኋላው «መቀስ» ይሉታል… ብክነት ካየ ሳይቆርጥ አያድርም።

ያን ቀን የመጣው አንድ ወሬ ሰምቶ ነው። ይህ የተማሪዎች አውቶቡስ ማንም በማይሳፈርበት ቦታ እየቆመ ነዳጅ ይፈጃል ተብሎ።

በዓይኑ ሊያይ መጣ።

ጠዋቱ ጉም ነበር። አውቶቡሱ ትልቁን የመኪና መንገድ ይዞ ሲሄድ ቆየና አንድ ዛፍ ሥር ቀስ ብሎ ቆመ።

በሩ ተከፈተ።

ማንም የለም… ጉም ብቻ።

ሲንጫጩ የነበሩት ልጆች ጸጥ አሉ።

ከፊት የተቀመጡት ጉልበታቸውን ሰብሰብ አደረጉ… ልክ ሰው ሊያልፍ ሲል እንደሚደረገው።

ብርዱ ገባ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

መቀስ ጀርባውን ቀዘቀዘው። ቢሆንም ኃላፊ ነውና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ማንን ነው የጫንከው?»

ሹፌሩ ፀጉሩ የነጣ፣ ልጆቹ «አባባ» የሚሉት ሰው ነው። ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

«ልዕልትን።»

«ምን አልክ?»

«ልዕልትን ነው፣ ጌታዬ።»

«ትቀልዳለህ? የሕዝብ ነዳጅ እኮ ነው! ለባዶ ቦታ በር ትከፍታለህ፣ ለባዶ ወንበር ልጅ ታቆማለህ… ከነገ ጀምሮ ይሄ ፌርማታ የለም!»

«እሱማ ድሮም የለም» አለ ሹፌሩ። «ከተቆረጠ ቆየ። እኔ ነኝ ዝም ብዬ የምቆመው።»

ከዚያ በመስታወት ወደ ኋላ አየ።

«ይቅርታ ጌታዬ… ያቺ የምትከተለን መኪና የማን ናት? ከተነሳን ጀምሮ ከሹፌሯ ሌላ ሰው የለባትም።»

መቀስ ዞሮ አየ። ድምፁ ዝቅ አለ።

«የቢሮ ናት… እኔን ለመመለስ ነው።»

ከኋላ አንዱ ልጅ «እሷም ሰው አላት!» ብሎ ጓደኞቹን አሳቃቸው።

ሹፌሩ ግን አልሳቀም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆቹ ተጋፍተው ወረዱ። መቀስ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«አባባ… ልዕልት ማናት?» አለ። አሁን «አንተ ሰውዬ» አላለም።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«እዚያ ዛፍ ሥር የምትሳፈር ልጅ ነበረች። ብቻዋን ስለሆነች ፌርማታው ብክነት ነው ተባለ። እናቷ ቢሮ ድረስ ሄዳ ለመነች፤ መንገዱ መኪና ይበዛበታል፣ ልጄን እፈራላታለሁ ብላ። ኃላፊው ምን ቢላት ጥሩ ነው? ‹ለአንድ ልጅ ብለን አውቶቡስ እናቁም? ልጅሽ ልዕልት ናት እንዴ?›»

መቀስ የአውቶቡሱን ብረት ያዘ።

«ልጅቷ ስትሰማ አልተናደደችም። ሳቀች እንጂ። ለጓደኞቿ ‹ከዛሬ ጀምሮ ልዕልት በሉኝ፣ ቢሮ ነው የሾመኝ› አለቻቸው። እስከሚቀጥለው ፌርማታ በእግሯ ትሄዳለች። እኛ ስናልፋት ቀና ብላ እንደ ልዕልት እጇን ታውለበልባለች… እነዚህ ልጆች ደግሞ በመስኮት ይጮሁላታል።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን እንደዛሬው ጉም ወረደ። ሳልፍ አላየኋትም። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይም የለችም። አንድ የጭነት መኪና… እሱም አላያትም።»



«ከዚያ ወዲህ እኔ አይደለሁም የማቆመው» አለ ሹፌሩ። «እግሬ ራሱ ነው ፍሬን የሚይዘው።»

መቀስ ያቺን እናት አስታወሳት።

ቢሮው ውስጥ ቆማ ነበር ያናገረችው። የእንግዳው ወንበር ላይ ኮቱን አስቀምጦበት ነበር። ያንን ቀልድ ሲቀልድ አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ስቀዋል።

እሷ ብቻ አልሳቀችም።

አዎ… ልዕልትን የሾማት እሱ ራሱ ነበር።

ያን ዕለት እናቷ ቤት ሄደ። በሩን ከፈተችለት። አልሰደበችውም። ወንበር አመጣችለት።

መቀመጥ አልቻለም።

በማግስቱ አውቶቡሱ ዛፉ ሥር ሲቆም ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ…

መቀስ ነው። በእግሩ ነው የመጣው። ከሁሉ በፊት የቆረጠው የራሱን መኪና ነው።

ፌርማታው ተመለሰ። ነዳጁም ከቢሮ መኪኖች ወደ ተማሪዎች አውቶቡሶች ዞረ። እሱ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በዚያ አውቶቡስ ይሄዳል… ቆሞ።

በቅርቡ አንዲት አዲስ ተማሪ አየችውና አዘነችለት።

«ጋሼ፣ ይሄው ባዶ ወንበር! ለምን አይቀመጡም?»

«ባዶ አይደለም የኔ ልጅ… ሰው አለው።»

ወዳጆቼ… ብክነት መቆረጥ አለበት። የትምህርት ቤት ገንዘብ የልጆች ነው። ግን ሁልጊዜ ቶሎ የሚቆረጠው የማይጮኸው ሰው ድርሻ ነው። የሚያባክነው ደግሞ ብዙ ጊዜ መቀሱን የያዘው ራሱ ነው።

ታክሲ ውስጥ ለአንድ ወንበር እንኳን «ሰው አለው?» ብለን እንጠይቃለን። ከመቁረጣችን በፊትም እንጠይቅ።

እናንተ በምታውቁት ትምህርት ቤት «ትርፍ ነው» ተብሎ የተቆረጠ፣ ግን ሰው የነበረው ነገር ምንድን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ… አንድ በአንድ አነበዋለሁ።