ቀድሞ የሚናገር

አባትየው ሲሞት የመስታወት መሸጫ ቤቱን ለሁለት ወንዶች ልጆቹ ተወላቸው። ልጆቹ በአባት እንጂ በእናት አይገናኙም። ታላቁ ሥራው እንዲቀጥል ይፈልጋል። ታናሹ ሸጦ አገር መቀየር ይፈልጋል። ተጨቃጭቀው ሲሰለቻቸው የፖከር ካርታ ይለየን፣ ያሸነፈ ይወስን ተባባሉ። አባታቸው እሁድ ከሰዓት ከጎረቤቶቹ ጋር ይጫወትበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሆነው ይቀመጣሉ። አራቱ ጎረቤቶች ለጨዋታ፣ ሁለቱ ለቤቱ።

"የማስያዣው ገደብ ግን ይነሳ" አለች የታናሹ እናት። "በአባታችሁ ደንብ ትንሽ ትንሽ ስታስይዙ ትከርማላችሁ።"

እሷ በወጣትነቷ በአንድ ሆቴል ካርታ ታድል ነበር። ከመስታወት ቤቱ በላይ ባለችው ክፍሏ ልጇን ልታሠለጥነው ተቀመጠችና የአዝራር ቆርቆሮዋን አልጋው ላይ ዘረገፈች።

"አረንጓዴዎቹስ፣ እማዬ? ልጅ ሆኜ በነሱ ነበር የምጫወተው።"

"እንጃ፣ የት እንደገቡ። በነጮቹ እንጫወት። ስማ፣ ሁለት ካርታ ይሰጥሃል፤ በየተራ እገባለሁ ወይም እጥላለሁ ትላላችሁ፤ ከዚያ መሃል ላይ የሁላችሁም የሆነ ይገለጣል። በአባትህ ደንብ ቢሆን ቀድመህ ስትናገርም በንጉሥና በንግሥት ትገባ ነበር። ብትሸነፍ የምታጣው የታወቀ ነው። ገደቡ ሲነሳ ግን እነዚያው ካርታዎች ባዶህን ያስቀሩሃል። ቀድመህ ስትናገር ከኋላህ አምስት ሰው ገና አልተናገረም። ስለዚህ ሁለት አስ፣ ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት ንግሥት። ሌላውን ጣል።"

"ካገኘሁስ?"

"ካገኘህማ አትልቀቅ።"

አዝራሮቹን ሰበሰበች። "ቤቱ ሲሸጥ እኔ የት ነው የምገባው?"

"አንቺ ደግሞ! አንድ ነገር አይጠፋም" አለ፣ ካርታውን እየበወዘ።

እሁድ ደረሰ። የሚያድለው መስታወት ቆራጩ ነው፤ ጭረት ይሉታል። የታላቁ የልብ ወዳጅ ነው። ታናሹ ግድግዳውን የሞሉትን መስታወቶች አየና ፊቱ ተለወጠ።

"ጋሼ፣ እነዚህ ይዙሩልኝ" አለው ታላቁን።

"ምነው፣ መልክህን ጠላኸው?" አለ ጭረት። ጎረቤቶቹ ሳቁ።

ታናሹ አልሳቀም። ራሱ ተነስቶ አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው አዞራቸው።

ምንም አልረዳውም። ቀድሞ ተናግሮ በገባ ቁጥር ታላቁ ካርታውን ይጥላል። ኋላ ተናግሮ በደካማ ካርታ ሲገባ ደግሞ ታላቁ ከፍ አድርጎ ያስይዝበታል።

"እጅጌህን ሰብስብ" አለው ታናሹ ጭረትን።

"ሸሚዜንም ላውልቅልህ?" ጭረት እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ። የታናሹ እናት መስኮቱ ሥር ካልሲ ትጠግናለች። ቀና አላለችም።

ከዚያ ታናሹ ቀድሞ የመናገር ተራ ደረሰው። ካርታውን በመዳፉ ከልሎ አየ፦ ሁለት ንጉሥ። ገባ። ጎረቤቶቹ ጣሉ። ታላቁ ትንሽ አሰበና ተከተለው።

መሃል ላይ አራት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ ተገለጠ። ታናሹ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መሃል ገፋ። ታላቁም ገፋና ካርታውን ገለጠ፦ ሁለት አራት፤ ከመሃሉ ጋር ሦስት። የቀሩት ካርታዎች ለታናሹ አልደረሱለትም።

ጭረት ራሱ አፉን ከፈተ። "ገደብ በሌለው ጨዋታ፣ በሁለት አራት? አብደሃል?"

"ቀድሞ ተናግሮ ከገባ ትልቅ ጥንድ ይዟል" አለ ታላቁ። "ከያዘ ደግሞ አይለቅም።"

ታናሹ ዘሎ የጭረትን ኮሌታ ያዘ። "አንተ ነህ! አንተ ነህ ያሳየኸው!"

"ተው እንጂ፣ ወንድሜ" አለ ታላቁ። ላቡን ሊጠርግ ከኪሱ መሐረቡን ሲመዝ፣ ሦስት አረንጓዴ አዝራሮች ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ።