ቀድመው የደረሱት

ብርዛፍ ቢሾፍቱ ዳር ባለ የአሳማ እርባታ ውስጥ ጡት የጣሉ ግልገሎችን ትመግባለች። ግልገሎቹ በአንድ ሰፊ ጋጥ ታጭቀው ስለሚያድጉ ጉልበተኞቹ ገንዳውን ይይዙታል፤ ደካሞቹ ከኋላ ቆመው እየጮኹ ይከሳሉ። አንዳንዴ ጠዋት ስትገባ ተረግጦ የሞተ ታገኛለች።

«ጋሼ፣ ከሲታዎቹን እንኳ ለብቻ ላድርጋቸው» ብላ የእርባታውን ባለቤት አቶ ደምሰውን ለመነቻቸው።

«እሺ፣ ቢሞቱ ግን በአንቺ ነው» አሏት።

ከሲታዎቹን ወስዳ ትንሽ ጋጥ ውስጥ ለብቻቸው አስገባቻቸው። መጀመሪያ ጥግ ይዘው ተንቀጠቀጡ። እየቆዩ ግን ሳይጋፉ መብላት ለመዱና ወፈሩ። ሰፊው ጋጥ ውስጥ እየተናከሱ የሚውሉትን ጉልበተኞች ሳይቀር በለጧቸው።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት አቶ ደምሰው መጥተው አዩዋቸውና ፈገግ አሉ።

«እውነትሽን ነው ልጄ። እነዚህ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ።»

ብርዛፍ በደስታ ሳቀች። ወዲያው የቄራው መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ግቢው ውስጥ ገባ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ትንሽ ይቆዩልኝ…»

«ከደረሱ በኋላ ምን ይሠራሉ? በይ ክፈቺ።»

በሩን ከፈተች። ሹፌሩ አሳማ የሚነዳበትን ዱላ ይዞ ወርዶ ነበር፤ አላስፈለገውም። እሷ ወደ መኪናው ስትራመድ ሁሉም ተከተሏት።