ምንጣፍ የታጠቁት ተማሪ

ያ ጎዶሎ የሒሳብ ማረጋገጫ እንዴት ከአሥር አሥር አገኘ?

ካሎላይኔ ይህን ጥያቄ ዘጠኝ ዓመት ይዛው ኖራለች። በመልቀቂያ ፈተናዋ ላይ፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ስታረጋግጥ መሃል ላይ ጨነቃት። «የቀረው ግልጽ ነው» ብላ ዘለለችው። ወረቀቱ ሲመለስላት ግርጌው ላይ በአረንጓዴ ቀለም «10» ተጽፎበታል። አራሚው ማን እንደሆነ አልተነገራትም።

አሁን በደሴት አገሯ ዋና ከተማ፣ በኑኩአሎፋ፣ ሒሳብ ታስተምራለች። ገና በሙከራ ላይ ናት፤ ቋሚ መሆኗ የሚወሰነው በመንፈቁ መጨረሻ ነው።

ክፍሏ ሁለት ሕግ አለው። ማንም መድረሻውን ሳይጽፍ ማረጋገጫ አይጀምርም። «ግልጽ ነው» ማለትም ክልክል ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ቪልሶኒ የሚባሉ ሽማግሌ መማር እፈልጋለሁ ብለው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ስሟን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ሌላው ተማሪ በከነቴራ ሲመጣ እሳቸው በዚያ ሙቀት ወገባቸው ላይ ምንጣፍ ታጥቀው ነበር።

«ቲቸር፣ አለቀልሽ» አለ የክፍሉ ቀልደኛ ሴሚሲ። «ምንጣፍ የሚታጠቀው ወይ ለቀስተኛ ነው፣ ወይ ይቅርታ ጠያቂ፣ ወይ ቢሮ ገቢ። ማን ሞተ? ማን በደለሽ? ሰውዬው ከላይ የተላኩ ናቸው!»

«አርፈህ መድረሻህን ጻፍ።»

«መድረሻዬ ምሳ ነው። መንገዱም ግልጽ...»

«ሴሚሲ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ካሎላይኔም ተቆጣጣሪ ናቸው ብላ አመነች።

ከዚያ ወዲህ በየክፍለ ጊዜው እጃቸውን ያወጣሉ። «መምህርት፣ አልገባኝም። ከየት ተነስተን ወዴት ነው የምንሄደው?»

እየፈተኑኝ ነው ብላ እንደገና ከሥሩ ታስረዳለች። ቀስ በቀስ ሌሎቹም መጠየቅ ጀመሩ። ሴሚሲ እንኳ አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ሲከራከር ደወል አለፈው።

በመንፈቁ ፈተና ያቺኑ የብቸኛ ቁጥሮች ጥያቄ አወጣች። የቪልሶኒ ወረቀት በእርሳስ፣ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። መድረሻው ከላይ አለ። እሷ የዘለለቻት መስመርም ቦታዋ ላይ አለች፦ «ሁሉንም አባዝተን አንድ ብንጨምር፣ በየትኛውም ብናካፍል አንድ ይተርፋል።»

አሥር ብትሰጣቸው ለተቆጣጣሪ ማጎብደድ ይመስልባታል። ብትቀንስ ደግሞ ውሸት ነው። ጥቂት አመነታችና ወሰነች፤ «10» ብላ ጻፈች።

ገጹን ስትገለብጠው ጀርባው ላይ በአረንጓዴ ቀለም እንዲህ ይላል፦

«መምህርት፣ ይቅርታ፤ ያኔ ወረቀትዎ ላይ ‹ግልጽ ነው› ብለው ሲጽፉ እኔ አልገባኝም ነበር፤ ሰው ለመጠየቅ አፍሬ አሥር ሰጠሁ።»