የአስታራቂው ምስክርነት

የሰፈሩ ሽማግሌ እንደ ሙሽራ ተኩነስንሰው ችሎት ገቡ። ዐቃቤ ሕግ የጠራቸው፣ ባሏን በመግደል የተከሰሰችው ሴት በትዳሯ ተመትታ እንደማታውቅ እንዲመሰክሩለት ነው።

«ሰላማዊ ትዳር ነበር!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «እኔ እያለሁ ምን ሰላም ያጣል? ጥርሷን ቢያወልቅ አስታረቅኩ፤ ክንዷን ቢሰብር በግ አሳርጄ አስታረቅኩ። አንድም ቀን የፖሊስ ጣቢያ ደጅ አላስረገጥኳትም!»

ታዳሚው በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ በዕድሜያቸው እንዲህ ተደምጠው አያውቁም።

ዳኛዋ ግን አልሳቁም። «ለመጨረሻ ጊዜ እርስዎ ዘንድ የመጣችው መቼ ነው?»

«እሱ የሞተ ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ክብርት ዳኛ! ‹ዛሬ ይገድለኛል፣ እዚሁ ልደር› ብላ እግሬ ላይ ወደቀች።» ሽማግሌው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «እኔው ራሴ እጇን ይዤ መለስኳት።»