ሰማያዊው የጫማ ሽፋን

ቦዲል የሚሸጠውን ቤት ለማየት መጥታ፣ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ደላላው በር ላይ ያደላትን ሰማያዊ ፕላስቲክ ጫማዋ ላይ አጥልቃ በኩሽናው መስኮት ወደ መንገዱ ተመለከተች። ዳቦ ቤቱም፣ ስንቱን ልጅ ያሳደገችበት የሕፃናት ማቆያም በእግር የሚደረሱ ነበሩ። ኮፐንሃገን ውስጥ አቅሟ የሚችለው ቤት ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

"እትዬ ቦዲል!" አለች ከደጃፉ አንዲት ኮረዳ። ማቆያው ውስጥ ወፌ ቆመች እያለች መራመድ ያስተማረቻት አስታ ነበረች።

"አንቺ! መቼ ነው እንዲህ የተመዘዝሽው?"

"ዩኒቨርሲቲ ገባሁ እኮ! አባዬ ይሄን ቤት ሊገዛልኝ ነው። ማንም የፈለገውን ዋጋ ይጥራ፣ እኔ እበልጣለሁ ብሏል። ግን ፕላስቲኩ አልቆ፣ ያለሱ አይገባም ተብዬ ደጅ ቀረሁ።"

ቦዲል ወደ ደጃፉ ወጣች። እንደ ድሮው ተንበርክካ የልጅቷን የተፈታ የጫማ ማሰሪያ አጥብቃ አሰረችላት። ከዚያም የራሷን ፕላስቲክ አውልቃ አጠለቀችላት።

"በይ ግቢ፣ የኔ ልጅ።"