የእንጉዳዩ ቦታ

አንሰልም ጉሙ ውስጥ ድንገት ቆመ። ሌዎንቲን ዛፍ ተከልላ ለመሸሸግ ጊዜ አላገኘችም፤ አባቷ ዞሮ ፊት ለፊት አያት።

በኮሬዝ ገጠር የእንጉዳይ ቦታ ለባዕድ ቀርቶ ለገዛ ሚስት አይነገርም፤ ሚስት ወንድሞች አሏታ። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሞት ደጁ ሲደርስ ነው፤ እስከዚያው አባቱን የተከተለ ልጅ ሌባ ይባላል። ሌዎንቲን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንቡን አክብራ፣ እሱ በቅጠል ሸፍኖ የሚያመጣላትን በዝይ ስብና በነጭ ሽንኩርት ስትጠብስ ኖራለች። ጥቅምት ሲገባ እንግዳው ከሩቅ ከተማ ወደ ትንሿ ማረፊያ ቤቷ የሚመጣው ይህን ብሎ ነው።

ዘንድሮ ግን አንሰልም ባዶ ቅርጫት ይዞ መመለስ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። ትናንትማ ጎረቤት ከመንገድ ዳር አግኝቶት እጁን ይዞ አመጣው። ሽማግሌው እየረሳ ነበር፤ ቦታውም አብሮት ሊጠፋ ነው። ስለዚህ ዛሬ በማለዳ ተከተለችው።

ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ኮፍያውን አነሳላት።

“ምነው እሜቴ፣ በዚህ ብርድ? እንጉዳይ ፍለጋ ከሆነ ይቅርብዎ። ብሞት አላሳይዎትም።”

የሚያሾፍባት መስሏት ሳቀች። “በል አባዬ፣ አትቀልድ። የቱ ጋ ነው?”

“የርስዎ አባት ካላሳየዎት እኔ ምን ላድርግ?” አላት በትሕትና። “የኔ ለልጄ ነው። እዚያ ታች ማረፊያ ቤት አላት። ፊት ለፊት ነግሬያት አላውቅም እንጂ፣ በዚህ አገር እንደሷ እጇ የሚጣፍጥ የለም።”

ስትናፍቀው የኖረችውን ቃል ዛሬ ሰማች፤ የተነገረው ግን ለማያውቃት ሴት ነበር። እንባዋን መቆጣጠር አቃታት።

ስታለቅስ ሲያይ አንጀቱ አልቻለም። ክንዷን ያዘና፣ ብርዱ ነው እንዲህ ያደረገዎት፣ ልጄ ዘንድ ትኩስ ሾርባ አይጠፋም ብሎ ቁልቁል ይዟት ወረደ። እንዳትወድቅ እየደገፈ ስለ ልጁ ያወራላታል። እሷም እንደ እንግዳ ታዳምጣለች።

ጉሙ ሲሳሳ የማረፊያ ቤቱ ጣራ ታየ። ጭስ አልነበረውም።

“ልጄን ምን ነካት?” አለ አንሰልም። “በዚህ ሰዓት እሳት ሳታነድ ቀርታ አታውቅም።”

ክንዷን ለቀቀና ወደ ቤቱ መሮጥ ጀመረ።