የጋሽ ደባልቄ ጆሮ

በረኛው ለዓመታት አንድ ነገር በስሕተት ተረድቶ ኖሯል። ፍጹም ቅጣት ምት በተሰጠባቸው ቁጥር አሰልጣኙ ጋሽ ደባልቄ ከወንበራቸው ተነሥተው አንዱን ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ ቀኙን ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ከሆነ ወደ ግራ በረኛው ይወረወራል። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ምት አዳነ፤ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠ፤ ፎቶግራፉም በየፀጉር ቤቱ ተሰቀለ። ታላቅ ክለብ ሲወስደው ግን ጆሮውን የሚይዝለት አሰልጣኝ አላገኘም። በሦስት ዓመት ውስጥ ከቋሚነት ወደ ተጠባባቂነት፣ ከተጠባባቂነት ወደ ቤቱ ወረደ። በመጨረሻ የቀድሞ ክለቡ የበረኞች አሰልጣኝ አደረገው፤ እርሱም ምልክቱን ለክለቡ ወጣት በረኛ አስተማረ።

አንድ ቅዳሜ ጡረታ የወጡትን ጋሽ ደባልቄን ሊያመሰግን ሄደ።

«የምን ምልክት?» አሉት ሽማግሌው። «አንተ ሰው፣ እኔ ሪጎሬ ሲመታ አይቼ አላውቅም! ዓይኔን እጨፍንና ጩኸቱ በበረታበት በኩል ጆሮዬን እይዛለሁ፤ ልቤ አይችልማ።»

«አሥራ አንዱስ?»

«አንተው ነሃ ያዳንከው! ለመሆኑ ምን ነክቶህ ተውከው?»

በማግስቱ ክለቡ ከሊጉ ላለመውረድ የመጨረሻ ጨዋታውን አደረገ። አቻ እንደሆኑ፣ በዘጠናኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠባቸው። ወጣቱ በረኛ ወደ በረኞች አሰልጣኙ ተመለከተ።

እርሱም ተነሥቶ ቀኝ ጆሮውን ያዘ።